ኮት የለበሰችው ሴትዮ

ካሜራ ፊት ስቆም መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሁለቱም ጆሮዎቼ መታየታቸውን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ አፌን እገጥማለሁ፣ አገጬን ቀና አደርጋለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ። ይህን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አርባን እስካልፍ ድረስ የተነሳኋቸው ፎቶዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጉርድ ፎቶዎች ነበሩ፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ። ጉርድ ፎቶ ላይ ደግሞ አይሳቅም። ልጅ ሆኜ መራዊ ስማር፣ አንድ ጊዜ ለፈተና መመዝገቢያ ያመጣሁት ፎቶ ላይ ፈገግ ብዬ ብገኝ ርዕሰ መምህሩ "ይቺ ልጅ ምን አግኝታ ነው?" ብለው ሌላ ተነስቼ እንድመጣ መልሰውኛል። ከዚያ ወዲህ ለካሜራ ጥርሴን አሳይቼ አላውቅም። የምነግራችሁ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ስሜ እታገኝ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ መኪና መንዳት ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእጄ ያለፉ ሰዎች ስለ እኔ ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚያነሱት ድምፄን ነው። ስቆጣ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል ይላሉ። ስስቅ ደግሞ ዓይኔ ይጨፈናል፣ ጭኔን እመታለሁ፣ ሳቁ ካየለ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጭን እመታለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሪ የያዘ ተማሪ ስለሆነ ይህ ጥሩ ጠባይ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በዚያ ሰሞን የቆየሁበትን ማሰልጠኛ ለቅቄ የራሴን ሥራ ልጀምር ተነስቼ ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነው። ከተማችን ውስጥ መንጃ ፈቃዳቸውን እንደ ክታብ በቦርሳቸው ይዘው የሚዞሩ፣ መኪናው ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ የሚጠጣባቸው ሴቶች ሞልተዋል። ፈርተው ነው። አንዷ ባሏ ጮኾባት፣ ሌላዋ አጥር ገጭታ፣ ሦስተኛዋ ቤዛዊት ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባት ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባ ነፍቶባት። እነዚህን ሴቶች ከፍርሃታቸው የማላቅቅበት ሰፊ ግቢ ሰባታሚት መሄጃ ላይ አገኘሁ። የግቢው ባለቤት ግን ቁርጥ ያለ ሰው ነበር። ቅዳሜ ከፍቼ ተማሪ ካልመጣልኝ ግቢውን ለብሎኬት አምራች እንደሚሰጠው ፊት ለፊት ነገረኝ። ወደ ድሮ ሥራዬ እንዳልመለስ፣ ስወጣ አለቃዬን የተናገርኩት ነገር ነበር፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ቅዳሜ ሊደርስ ቀናት ቀርተው አንድም ሴት አልተመዘገበችም።

ይህን ጭንቀቴን የሰማው አንዋር ነው። አንዋር ወረታ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ልጅ ነው። አባቱ ሱቁን ሊያወርሱት ሲያስቡ እሱ ካሜራ ይዞ ባሕር ዳር ገባና ፎቶ ቤት ከፈተ። እህቱን መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ "እርስዎ" ሲለኝ አስረጀኸኝ ብዬ አስተውኩት፤ "እትዬ" የሚለውን ግን ሊተው አልቻለም። ፐርሰናል ብራንዲንግ የሚባል፣ ሰው ራሱን ለገበያ የሚያስተዋውቅበት ነገር እንዳለ፣ እኔም እሱ እንደሚያስፈልገኝ ያስረዳኝ ጀመር።

"ሰው መጀመሪያ የሚያየው መኪናሽን አይደለም እትዬ፣ አንቺን ነው። ፊትሽን አይታ 'ከዚች ጋር ብሳሳት ምንም አልሆንም' ያለች ሴት ትመጣለች።"

"ሲሳሳቱ እኮ እጮኽባቸዋለሁ።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ ነግራኛለች። ግን እየሳቀች ነው የነገረችኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ተቀጣጠርን። ስታስተምሪ የምትለብሺውን ለብሰሽ ነይ ብሎኝ ነበር። ስታስተምሪ የምትለብሺው ማለት ስኒከር ጫማና ወገቤ ላይ የታሰረ ነጠላ ነው። እንዲህ የሚለብስ የሥራ ኃላፊ አለ? ባንክ የምትሠራ የአጎቴ ልጅ አለች፤ ጥቁር ኮቷን ተውሼ ሄድኩ። ፀጉሬን ወደ ኋላ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። አንዋር ሲያየኝ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ መልሶ አጠለቀው።

ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል አጠገብ አቆመኝ። ከኋላዬ ሐይቁ ረግቶ ተኝቷል፣ አንድ ሰው በታንኳ ማገዶ ጭኖ እየቀዘፈ ያልፋል። እኔ ጆሮዎቼን አረጋገጥኩ፣ አፌን ገጠምኩ። አንዋር ተንፍሺ አለኝ። እየተነፈስኩ ነው አልኩት። አይታይም አለኝ። እጅሽን ፍቺው አለኝ፤ ፈታሁትና የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ከዚያ በፊት እጅ እንዳለኝ እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን የሰው ዕቃ አደራ የተሰጠኝ ይመስል በሁለት እጄ ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ደስ የሚልሽን ነገር አስቢ ሲለኝ ቅዳሜን አሰብኩና ባሰብኝ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ይመክረናል። አንዱ አገጯን ዝቅ ታድርግ ይላል፣ አንዷ ምነው ልጄ አሞሻል እንዴ ትለኛለች።

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ ኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ባለ ባጃጁ ስልኩን እያየ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይሄዳል። አላስቻለኝም። "አንተ! ዓሣ ልትጭን ነው እንዴ? ኋላህን እይ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩ። ልጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘ፤ የኋላ ጎማው ውሃውን ነክቶ ቆመ። ወርዶ ጎማውን አየ፣ እኔን አየ፣ "እናቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ደርሼ ነበር" አለኝ። ሳቄ መጣ። ኮቱንም ፀጉሩንም ረስቼ ጭኔን እየመታሁ ሳቅኩ። አንዋር ለካ ያን ሁሉ ሲያነሳ ነበር።

ፎቶዎቹን በስልኬ ላከልኝና እዚያው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን አየናቸው። እየሳቅኩ ያለሁበትን እያሳየ "ይቺ ናት እትዬ፣ ይቺ አንቺ ናት" አለኝ። አየሁት። ዓይኔ የለም፣ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተከፍቷል፣ አንድ እግሬ ከመሬት ተነስቷል። ይህን አይቶ ማን ነው ሚስቱን አምኖ የሚልክልኝ? ወደ ኋላ መለስኩና አንዷን መረጥኩ። አፍ ግጥም፣ ጆሮ ግልጥ፣ ዓይን ሩቅ አገር የሚያይ። ኃላፊ የመሰልኩት እሷ ላይ ነው።

አንዋር ፎቶዋን አጉልቶ አያት። "ይቺ ከበድ አላለችም?"

"መክበዷን ነው የምፈልገው።"

ለቢሮዬ ግድግዳ በትልቁ ታትማ ወርቃማ ጠርዝ ባለው ፍሬም እንድትገባ፣ በኋላም በባነር እንድትወጣ አዘዝኩት። በነጋታው በሰው እጅ ቤቴ ድረስ እንደሚልክልኝ ነግሮኝ ተለያየን። ሲሄድ ዞር ብሎ ፊቴን ሊያነብ ሞከረ፤ እኔ ኮስተር ብዬ ሸኘሁት።

በነጋታው ዘጌ ላይ የዘመድ ልጅ ክርስትና ነበረብኝና ጠዋት በጀልባ ተሻገርኩ። የቤቴን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩ ሰጠሁ፤ ፎቶ እንደሚመጣ ግን ሳልነግራት ረሳሁ። ጀልባው ላይ ሆኜ ስልኬን አውጥቼ ያቺን ፎቶ አያታለሁ። ዘግቼ መልሼ አያታለሁ። ደስ ብሎኛል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ተመለከቷትና "ነፍስ ይማር፣ ምንሽ ነበረች?" አሉኝ። እኔ ራሴ ነኝ እኮ እማማ አልኳቸው። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። "ትመስያታለሽ" አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ አለፍኩት። ዘጌ ስንደርስ ስልኬ ጠፋ፤ ባትሪውን ራሴን ሳይ ጨርሼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ተነሳ። ጣና ከምሳ በኋላ ነፋስ ሲያገኘው ጠባዩ ሌላ ነው። ባለ ጀልባው ዛሬ አልንቀሳቀስም አለ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ደርሶብኝ ዘጌ ማደር አልፈልግም፤ ጌሾ የጫነ አይሱዙ በመንገድ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ አገኘሁና ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩን ስለ ማርሽ አያያዙ እየመከርኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ ደረስን። ሲያወርደኝ ሰላም ግቢ እንኳ አላለኝም።

ወደ ሰፈሬ መታጠፊያ ስደርስ የቆሙ ባጃጆች አየሁ። ቀጥሎ ድንኳን አየሁ። የእኔ በር ላይ ነው።

እኔ ባልም ልጅም የለኝም። በእኔ ደጅ ድንኳን የሚተከልለት በዚህ ምድር ያለኝ አንድ ሰው እናቴ ናት። መራዊ ነው የምትኖረው፤ ደም ግፊት አለባት። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር። ባለፈው ስትደውልልኝ ቅዳሜ መጥቼ የመጀመሪያዋ ተማሪሽ እኔ ካልሆንሁ ብላ ስትቀልድ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት መሪ ላይ ተቀምጣ ታሳፍረኛለች ብዬ፣ እማዬ መንገዱ ያደክምሻል ቅሪ ብያት ነበር።

እንግዲህ አገራችንን ታውቃላችሁ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ጥያቄው በኋላ ይደርሳል። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ፊቴ ላይ ጣልኩና "እናቴን! እናቴን!" እያልኩ ገባሁ። በር ላይ የነበሩት ሴቶች ከገጠር የመጣሁ ዘመድ መስያቸው መንገድ ለቀቁልኝ፤ እኔን አይተው እነሱም እንደ አዲስ ጀመሩ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተደፋሁ። አንዲት የማላውቃት እጅ ጀርባዬን ታሸኛለች። አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ስል አልቃሿ ስታወርድ ሰማኋት።

"ቤዛዊት ዳገቱን አብራኝ ወጥታ ሳለ፣
ሜዳው ላይ ስደርስ መሪዬ የት አለ።"

ሴቱ ሁሉ ደረቱን መታ። እኔም መታሁ። ግን ነገሩ አልገባኝም። እናቴ ቤዛዊትን እንኳን በመኪና በእግሯም ወጥታ አታውቅም። አልቃሿ የሌላ ቤት ለቅሶ ተምታታባት አልኩ። ወዲያው አንዷ ከፊቴ ተነስታ "እጄን በጥፊ መታ መታ እያደረገች ነው መሪ ያስያዘችኝ፤ ዛሬ ማን ይመታኛል?" እያለች ታለቅሳለች። ሌላዋ ተቀበለች። "ስትስቅ እኮ መኪናው ከነሞተሩ ይስቅ ነበር።" ሦስተኛዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ሳልመዘገብ አመለጠችኝ፣ ፍርሃቴን ይዛብኝ ሄደች ትላለች።

ነጠላዬን በጣቴ ትንሽ ገለጥ አድርጌ አየሁ። መሃል ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ፍሬም ተደግፏል። ፍሬሙ ውስጥ ጥቁር ኮት የለበሰች ሴትዮ ሩቅ አገር ታያለች። አፏ ግጥም፣ ጆሮዋ ግልጥ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቺን ሴትዮ እንደዚያ ሆና ባያት እኔም ነፍስ ይማር ሳልል አላልፍም ነበር። በጀልባው ላይ ያማኋቸው አሮጊት ዓይናቸው ደህና ኖሯል።

ከዚያ ገባኝ። እናቴ አልሞተችም፤ የሞትኩት እኔ ነኝ። እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ግን ደግሞ እስቲ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ድንኳን ሙሉ ሰው በእናንተ ስም እያለቀሰ እንዴት ነው ተነስቶ አልሞትኩም የሚባለው? ልብ ድካም ያለባቸው ሽማግሌዎች አሉ። ነፍሰ ጡር አለች። እትዬ ጥሩን ባገኛት ቀስ ብዬ በጆሮዋ እነግራት ነበር፣ ግን በሰው መሃል አላገኘኋትም። ደግሞ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ መስማትም ፈልጌ ነበር። ስለ ኮቱ ያነሳ ሰው የለም። ስለ ኃላፊነቴና ስለ ክብሬም ያነሳ የለም። ሁሉም የሚያለቅሰው ከካሜራ ስደብቀው የኖርኩትን ነገር ነው፤ ጩኸቴን፣ ሳቄን፣ ጭን መምታቴን። ነጠላዬን መልሼ ጥዬ ሌላ ለቅሶ አለቀስኩ፤ ይኼኛው ለራሴ ነበር።

ቀስ ብዬ ልወጣ ስጠጋጋ መሠረት ተነሳች። መሠረት ብዙ የደከምኩባት ተማሪዬ ናት፤ ዳገት ላይ ሞተር ሳይጠፋባት ወጥታ አታውቅም። ፎቶው ፊት ቆማ እጇን ዘርግታ ትናገር ጀመር። "ዳገት ላይ ስፈራ፣ አይዞሽ መሠረት፣ መጀመሪያ ነዳጁን በደንብ ስጪው፣ ከዚያ ክላቹን ባንዴ ልቀቂው ትለኝ ነበር።"

ይህን ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። ሙት ነኝ፣ ምን ቸገረኝ? ግን ያን ሁሉ መንዳት የሚፈራ ሴት ሰብስባ፣ በእኔ ስም፣ እንደዚህ ያለ ነገር ስታስተምር!

"መቼ ነው እንዲህ ያልሁሽ?" አልኩ ከጥጉ። "ነዳጁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ክላቹን ቀስ ብለሽ፣ መኪናው ንዝር እስኪል ድረስ ነው የምትለቂው። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?"

"እሺ እትዬ" አለች መሠረት፤ ከልማድ ነው። ቀና ብላ ያየችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ነጠላዬ ወርዶ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። አልቃሿ ድንኳኑን በጎን በኩል ገልጣ ወጣች። አንድ ትልቅ ሰውዬ አግዳሚ ሥር ገቡ። የንፍሮ ትሪ ተገለበጠ። መሠረት ጠረጴዛውን አቅፋ ቀረች። ከቤት ውስጥ እትዬ ጥሩ መጥረጊያ ይዛ ወጣችና ራቅ ብላ ቆመች፤ አማትባ አማትባ ደከማት።

"በሥላሴ ስም ልጠይቅሽ፤ ከየት ነው የመጣሽ?"

"ከዘጌ፣ በአይሱዙ።"

"ጀልባውስ?"

"ነፋስ ነው ብሎ ቀረ።"

ተጠጋችኝና አሸተተችኝ። "ጌሾ ጌሾ ትያለሽ" አለች። ወደ ሕዝቡ ዞራ መጥረጊያውን ከፍ አድርጋ ያለሁት በሥጋዬ መሆኑን አስታወቀች። ከዚያ እዚያው ተቀምጣ፣ ያልሞትኩበትን ለቅሶ ጨርሳ አለቀሰች።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገጣጠመ። አንዋር የላከው ባለ ባጃጅ፣ ፎቶው እንዳይሰበርበት ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ከፊት አቁሞት፣ በየደጁ የእታገኝን ቤት አሳዩኝ እያለ ሰፈሩን ዞሯል። ይህን አይቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው የለም። እትዬ ጥሩ ምን ሆነች ብላ ስትጠይቀው አድርስ ተብዬ ነው፣ የማውቀው የለም ብሎ አስረክቧት ሄዷል። ስልኬ ዝግ ነው። በጀልባ ሄዳለች፤ ሐይቁም ተነስቷል። ወደብ የሄዱ ሰዎች ጀልባው አልተመለሰም የሚል ወሬ ይዘው መጡ። የዕድሩ ጥሩንባ የተነፋው ያን ጊዜ ነው።

"ፎቶው ነው እኮ" አለች እትዬ ጥሩ።

"ምን ሆነ ፎቶው?"

"እስቲ እይው ልጄ።"

ሁላችንም ዞረን አየነው። ሴትዮዋ ከፍሬሟ ውስጥ ሩቅ አገር ታያለች። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። የመሠረትን ጭን መታሁ። እሷ ስትጮኽ አግዳሚ ሥር ያሉት ሰውዬ ወጡ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ያልሳቁት የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ሞላ ብቻ ናቸው። ጋሼ ሞላ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሥርዓት ሲፋለስ ያማቸዋል።

"የዕድራችን ደንብ ድንኳን የሚያወጣው ለሟች ነው። ሟች ራሷ ገብታ ስታለቅስ ምን እንደሚደረግ ደንቡ ላይ የለም" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ እኔም አላሰብሁበትም ነበር" አልኳቸው።

መራዊ ሄደው እናቴን ሊያረዱ የተመረጡት ሽማግሌዎች፣ እንደ ወጉ መርዶ ሲነጋ ነው ብለው እዚያው ተቀምጠው እንደነበር ስሰማ መሬቱን ልስም ቃጣኝ። ወጋችን ያን ቀን እናቴን አተረፈልኝ።

ሳቁ ትንሽ በረድ ሲል መሠረት ቀስ ብላ "እንግዲያ ክላቹ እንዴት ነው ያልሺው?" አለችኝ። ወገቤን በነጠላው አሰርኩ። አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና የተገለበጠውን የንፍሮ ትሪ እግሬ ሥር አስጠግቼ፣ ይሄ ክላች ነው፣ ይሄ ደግሞ ፍሬን ነው እያልኩ ማሳየት ጀመርኩ። ያለቀሱት ሴቶች ከበቡኝ። አንዷ እንደ መኪናው ትንቀጠቀጣለች፣ ሌላዋ ከኋላ ቆማ ትዕግሥት እንዳጣ ሹፌር ጥሩንባ ትነፋለች። እኔ እጮኻለሁ፣ እስቃለሁ። ፍርሃቴን ይዛብኝ ሄደች ስትል የነበረችው ሴት ተራዬ ነው ብላ ትሪውን ተቀበለችኝ። ጆሮዬ ይታይ አይታይ ትዝም አላለኝ።

አንዋርን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሰርግ ሥራ ላይ ወሬው ደርሶት፣ ካሜራውን እንዳነገተ ሮጦ መጥቶ ኖሯል። ዓይኑ ቀልቷል። ለካ እየተነፋረቀ ያነሳኝ ነበር። "እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልሁሽ ብዬ ነበር እኮ" አለኝ። ፎቶዋ ከበደች ስልሽ ብትሰሚኝ ምን ነበረበት ብሎ ለመቆጣት ሞከረ፤ ቁጣው አላማረበትምና ተወው።

ባነሩ ላይ የወጣችው ያቺ ማታ የተነሳችው ፎቶ ናት። ነጠላዬ ወገቤ ላይ ታስሯል፣ አንድ እግሬ ትሪ ላይ ነው፣ ዓይኔ የለም፣ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተከፍቷል። ከኋላዬ ሴቶች እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። ድንኳኑም ስለሚታይ የማያውቅ ሰው ሁሉ የማን ሰርግ ነው ይለኛል። የእኔ ነው እላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሰባታሚት መሄጃ ላይ ግቢው አልበቃን አለ፤ መኪኖች መንገድ ዳር ቆሙ። አብዛኞቹ ለቅሶ የደረሱኝ ናቸው። የግቢው ባለቤት አጥሩን ተደግፎ ብዙ ካየ በኋላ ባለ ብሎኬቱን ሌላ ቦታ ፈልግ እንደሚለው ነገረኝ። እናቴም ከመራዊ መጣች፤ እኔው ራሴ ሄጄ ነው ያመጣኋት። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ይዛ ተቀመጠች፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞረችው፣ ሁሉም ሰው ፊት። ምንም አላፈርኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ነገ ለሥራችሁ ፎቶ የምትነሱ ትኖራላችሁ። እኔ ስለ ካሜራ የማውቀው የለም። ለቅሶዬን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ይህ ዕድል ለብዙ ሰው አይደርስም። ሰው ሲወደኝ የኖረው ሳፍርበት በኖርኩት ነገር እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። እናንተ እዚህ ድረስ ሳትሄዱ እንድታውቁት ብዬ ነው የነገርኳችሁ። አሁንም ካሜራ ሳይ እጄ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል። ያን ጊዜ አንዋር ከካሜራው ኋላ ሆኖ "ነዳጅ መጀመሪያ" ይለኛል፤ ተናድጄ አፌን ስከፍት ያነሳኛል።

ኮት የለበሰችው ሴትዮ ቁም ሣጥን ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ልጥላት ስል ጋሼ ሞላ አይሆንም አሉ። ፍሬሙ ደህና ነው፣ አንድ ቀን ማስፈለጉ አይቀርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለእትዬ ጥሩ ግን አደራ ብያታለሁ። ያ ቀን በእውነት ሲመጣ ፍሬሙን ይውሰዱት፣ ሴትዮዋን አውጥተው የምስቀዋን እኔን ያስገቡ። የሚያለቅስልኝ ሰው ለማን እንደሚያለቅስ አይቶ ያልቅስ።